ፋይሉ ሳይጠፋ የሚጠፋ ሥራ፦ የዲጄ የሙዚቃ ክምችት በበርካታ ኮምፒውተሮች ላይ ስለሚያዝበት ሁኔታ

አንድ ዲጄ ለዓመታት ያሰባሰባቸውን ዘፈኖች ከአሮጌ ላፕቶፑ ወደ አዲሱ ይገለብጣል እንበል። ፋይሎቹ አንድም ሳይጎድል ተሻግረዋል፤ ብዛታቸውም መጠናቸውም በሁለቱ ኮምፒውተሮች ላይ እኩል ነው። የማጫወቻ ሶፍትዌሩን ሲከፍት ግን የዘፈኖቹ ስሞች በተርታ ይቀርቡና ከየስሙ ጎን ፋይሉ እንዳልተገኘ የሚያመለክት ምልክት ይታያል። ዘፈኖቹን እንደ አዲስ ሲያስገባቸው ይጫወታሉ። ሆኖም ድምፃዊው የሚጀምርበትን ቦታ የሚያሳዩት ምልክቶች የሉም፤ በእጅ የተስተካከለው የምት አቀማመጥ የለም፤ ለሠርግ፣ ለምሽት ክበብ፣ ለበዓል ተብለው የተለዩት ዝርዝሮች ሁሉ ባዶ ናቸው። ሙዚቃው በቦታው አለ፤ የጠፋው በሙዚቃው ላይ የተሠራው ሥራ ነው።

እንዲህ ያለው ኪሳራ በመሣሪያ ብልሽት ብቻ የሚመጣ አይደለም። ይበልጡን የሚመጣው ክምችቱ ከምን ከምን እንደተሠራ ካለማጤን ነው። ቤቱ ባለው ኮምፒውተር እያዘጋጀ በሌላ ኮምፒውተር መድረክ ላይ የሚሠራ፣ ወይም አንድ ክምችት ከባልደረባው ጋር የሚጋራ ባለሙያ ችግሩን ደጋግሞ ያገኘዋል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ የዲጄ ክምችት የፋይሎች ስብስብ ብቻ አለመሆኑ ነው። ክምችቱ የሚቆመው በሦስት ነገሮች ላይ ነው፦ በድምፅ ፋይሉ፣ ስለ ፋይሉ በተመዘገበው ዕውቀት እና ሁለቱን በሚያገናኘው አድራሻ። ከሦስቱ አንዱን ብቻ መገልበጥ ክምችቱን መገልበጥ አይደለም።

ዕውቀቱ የት ይቀመጣል?

በሸክላ ዘመን ይህ ጥያቄ አልነበረም። ዲጄው የሚፈልገውን ቦታ ለማስታወስ በሸክላው ላይ ትንሽ ተለጣፊ ወረቀት ያኖር ነበር፤ ሸክላው በተጓዘበት ሁሉ ምልክቱም አብሮት ይጓዛል። ድምፁና ስለ ድምፁ የሚታወቀው ነገር በአንድ ዕቃ ላይ ነበሩ። ዲጂታሉ አሠራር ለያያቸው። ሴራቶ ስክራች ላይቭ እ.ኤ.አ. በ2004፣ የፓዮኒር ሬኮርድቦክስ ደግሞ በ2009 ሲዲጄ 2000 ከተባለው ማጫወቻ ጋር ለገበያ ሲቀርቡ እያንዳንዳቸው ለጥያቄው የየራሳቸውን መልስ ይዘው መጡ። ዛሬ የሚታየው ግራ መጋባት በብዛት የሚመነጨው ከእነዚህ መልሶች ልዩነት ነው።

ሴራቶ ባለሙያዎቹ ኪው የሚሏቸውን የመነሻ ምልክቶችና ቢትግሪድ የሚባለውን የምት መስመር በራሱ በሙዚቃ ፋይሉ ውስጥ ይጽፋል። የሚጽፈውም የዘፈኑና የድምፃዊው ስም በሚመዘገብበት፣ ታግ በሚባለው ክፍል ነው። በመሆኑም አንድ ኤምፒ3 ፋይል ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲሄድ ምልክቶቹ አብረውት ይሄዳሉ። ክሬት የተባሉት የዘፈን ዝርዝሮች ግን ከፋይሉ ውጭ ናቸው፤ ሙዚቃው ባለበት ዲስክ ላይ በሶፍትዌሩ ስም በተሰየመ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣሉ። ሬኮርድቦክስ በተቃራኒው ምልክቶቹንም የምት መስመሩንም በራሱ የመረጃ ቋትና ከቋቱ ጋር በተያያዙ የትንተና ፋይሎች ይይዛል፤ የሙዚቃ ፋይሉ ስለ ምልክቶቹ የሚያውቀው ነገር የለም። የኔቲቭ ኢንስትሩመንትስ ትራክቶር ደግሞ መላ ክምችቱን በአንድ የኤክስኤምኤል ፋይል ይመዘግባል። ይህ ፋይል በማናቸውም የጽሑፍ ማዘጋጃ ተከፍቶ ሊነበብ መቻሉ ለባለቤቱም ለተመራማሪም ምቹ ነው።

ሁለቱም መንገዶች ዋጋ ያስከፍላሉ። ዕውቀቱ በፋይሉ ውስጥ ሲጻፍ ፋይሉና ሥራው አይነጣጠሉም፤ ነገር ግን አንድ ምልክት በተነካ ቁጥር ፋይሉ ይለወጣል። በመሆኑም በመረብ አማካይነት የሚያመሳስል ፕሮግራም ዘፈኑ ሳይቀየር ፋይሉን እንደ አዲስ ሊልከው ይችላል። ዕውቀቱ በመረጃ ቋት ሲያዝ የሙዚቃ ፋይሎቹ ሳይነኩ ይቆያሉ፤ ትክክለኛነታቸውንም ከዓመታት በኋላ ማረጋገጥ ይቻላል። ነገር ግን የሙዚቃ ፎልደሩን ብቻ የገለበጠ ሰው ከሥራው ምንም አልገለበጠም። በመግቢያው የተጠቀሰው ዲጄ ያጋጠመው ይህ ነው።

ሬኮርድቦክስ ወደ ፍላሽ ሲልክ ሌላ ነገር ይጨመራል። ሶፍትዌሩ ዘፈኖቹን ገልብጦ በፍላሹ ላይ ሌላ አነስተኛ የመረጃ ቋት ይፈጥራል፤ በክበቡ ያለው ማጫወቻ የሚያነበው ይህንን ነው። ዲጄው መድረክ ላይ ሳለ አዲስ ምልክት ቢያኖር ምልክቱ የሚመዘገበው በፍላሹ ላይ ነው። ወደ ቤት ተመልሶ በሶፍትዌሩ በኩል ወደ ዋናው ቋት ካላስገባው፣ በሚቀጥለው ጊዜ ፍላሹ እንደ አዲስ ሲጻፍ ያ የምሽት ሥራ ይደመሰሳል። ብዙዎች ሁለት ኮምፒውተር አለኝ ይላሉ እንጂ ፍላሻቸውን እንደ ሦስተኛ አይቆጥሩትም።

ሥራው ለምን ውድ ሆነ?

ሶፍትዌሩ የምት መስመሩን በራሱ ተንትኖ ማውጣት ከቻለ መጥፋቱ ይህን ያህል ለምን ያሳስባል የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። በኮምፒውተር ለተቀነባበረ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ፍጥነቱ ለማይለዋወጥና በአራት በአራት ለሚቆጠር የዳንስ ሙዚቃ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ትንተናው በደቂቃዎች ይመለሳል። የኢትዮጵያን ሙዚቃ ለሚያጫውት ዲጄ ግን መልሱ ሌላ ነው።

አንደኛ፣ የምት ትንተናው በመሠረቱ አራት በአራት ቆጠራን ታሳቢ ያደርጋል። ቺክቺካ በሚባለው ምት ላይ ግን ስድስት አጫጭር ምቶች ሦስት ሦስት ሆነው በሁለት ይቧደናሉ። ጨፋሪው በደቂቃ 120 ጊዜ የሚረግጥበት ዘፈን በውስጡ 360 አጫጭር ምቶች አሉት ማለት ነው። እነዚህን ሶፍትዌሩ ሁለት ሁለት አድርጎ ከቆጠረ ፍጥነቱን 180፣ አራት አራት አድርጎ ከቆጠረ ደግሞ 90 ይለዋል። ሁለቱም ቁጥሮች በሒሳብ ደረጃ መሠረት አላቸው፤ እግር ግን በሁለቱም አይረግጥም። ሁለተኛ፣ አምሃ ኤሽቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የመሠረቱት አምሃ ሬከርድስ ያሳተማቸውን የመሳሰሉ የዚያ ዘመን ዘፈኖች በባንድ በቀጥታ የተቀረጹ ናቸው። ከበሮ መቺው ሲግል ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ዘፈኑ ሲረጋ ይቀንሳል። አንድ ቁጥር የዘፈኑን ሙሉ ርዝመት ሊወክል አይችልም። ሦስተኛ፣ ከካሴት ወደ ዲጂታል የተዛወረ ዘፈን የቴፑን የፍጥነት መዛባት ይዞ ይመጣል።

በመሆኑም መስመሩ በእጅ፣ በየጥቂት ሐረጉ እየተሰካ መስተካከል ይኖርበታል። አንድ ዘፈን 10 ደቂቃ ቢወስድ 600 ዘፈኖች 100 ሰዓት ይጠይቃሉ። ፋይሉን ሌላ ሰው ሊሰጠው ይችላል፤ ይህን 100 ሰዓት ግን ማንም አይሰጠውም።

አድራሻውና ዲስኩ

ሶፍትዌሩ ዘፈኑን የሚያውቀው በድምፁ ሳይሆን በአድራሻው ነው፦ በየትኛው ዲስክ፣ በየትኛው ፎልደር፣ በምን ስም እንደተቀመጠ። ከአድራሻው አንዲት ፊደል ከተለወጠች ዘፈኑ የለም። በዊንዶውስ ላይ አንድ ውጫዊ ዲስክ በአንዱ ኮምፒውተር ላይ ዲ፣ በሌላው ላይ ኤፍ የሚል መለያ ሊሰጠው ይችላል፤ ሙሉ አድራሻውን ከዲስክ መለያው ጋር የሚመዘግብ ሶፍትዌር በሁለተኛው ኮምፒውተር ላይ መላ ክምችቱን እንደ ጠፋ ይቆጥረዋል። መፍትሔው ቀላል ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ በዊንዶውስ የዲስክ ማስተዳደሪያ ገብቶ በሁሉም ኮምፒውተሮች ላይ ለዚያ ዲስክ አንድ ዓይነት መለያ መመደብ ነው። ከፊደል ተርታ መጨረሻ አካባቢ ያለ መለያ ቢመረጥ ሌላ ፍላሽ ቀድሞ አይዘውም። ማክ መለያ ሳይሆን የዲስኩን ስም ይጠቀማል። ዲስኩ በአግባቡ ሳይወጣ ተነቅሎ የቀድሞው ስም ሳይለቀቅ ከቀረ ግን ሲመለስ ከስሙ ቀጥሎ 1 የሚል ቁጥር ሊጨመርበት ይችላል፤ አድራሻው እንደገና ይሰበራል። ሴራቶ አድራሻውን ከዲስኩ ሥር ጀምሮ ስለሚመዘግብ ከዚህ ችግር በአብዛኛው ነፃ ነው።

ዲስኩ የሚሰናዳበት ሥርዓትም መታሰብ አለበት። ኤንቲኤፍኤስ የተባለውን የዊንዶውስ ሥርዓት ማክ ያነበዋል እንጂ ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም አይጽፍበትም፤ ምልክት ማኖር የሚፈልግ ዲጄ ይህን የሚያውቀው ሥራው ሳይመዘገብ ሲቀር ነው። የማኩን ኤችኤፍኤስ ፕላስ ዊንዶውስ ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም አያነበውም። ኤክስፋት በሁለቱም ላይ ይነበባል፣ ይጻፋልም። ለውጦችን አስቀድሞ የሚመዘግብበት ማኅደር ስለሌለው ግን በመጻፍ ላይ ሳለ ገመዱ ቢነቀል ወይም መብራት ቢቋረጥ የመጎዳት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ፋት 32 ለቆዩ ማጫወቻዎች አስተማማኙ ምርጫ ሆኖ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት እንዳይበልጥ ይገድባል። ይህ ለዘፈን ችግር አይደለም፤ ሌሊቱን ሙሉ የተጫወተውን ባልታመቀ ባለ 16 ቢት ድምፅ ቀድቶ በዚያው ዲስክ ላይ ለማኖር የሚሞክር ግን 6 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ላይ ገደቡን ይደርስበታል።

ስምና ፊደል

አድራሻ ከስም የተሠራ ስለሆነ የስም አጻጻፍ የቴክኒክ ጉዳይ ይሆናል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት የአማርኛ መጻፊያዎች የተሞሉ የዘፈን ስሞች በላቲን ፊደላት መለያ ቁጥር ላይ የተቀመጡ ናቸው፤ ያ መጻፊያ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ትርጉም አልባ የምልክት ድርድር ሆነው ይታያሉ።

በዩኒኮድ የተጻፈውም ቢሆን ከችግር አያመልጥም። ጥላሁን ገሠሠ በሚል የተመዘገበ ዘፈን ጥላሁን ገሰሰ ተብሎ ሲፈለግ አይገኝም፤ ለጆሮ አንድ የሆኑት ሠ እና ሰ ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸውና። በሀ፣ ሐ እና ኀ፣ በጸ እና ፀ፣ በአ እና ዐ ላይም እንዲሁ ነው። ሁለት ሰዎች በሁለት ኮምፒውተሮች ላይ አንድን ክምችት ሲሞሉ በጥቂት ወራት ውስጥ አንዱ ድምፃዊ ሦስትና አራት ሆኖ ይገኛል። በላቲን ፊደል መጻፍም መጠለያ አይሆንም። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያሰናዱት የኢትዮፒክስ ተከታታይ የሲዲ እትም የድምፃውያኑን ስም የሚጽፈው በራሱ አጻጻፍ ሲሆን በእንግሊዝኛ ከተለመደው ጋር ብዙ ጊዜ አይገጥምም። የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም የሚቆጥሩ የውጭ አገር የመረጃ ምንጮች ደግሞ ማሕሙድ አሕመድን በአሕመድ ሥር ያሰልፏቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር አለ። የዚሁ ተከታታይ እትም የፈረንሳይኛ ስም የሚጀምረው ጭረት ባለው ፊደል ነው። ያ ፊደል በኮምፒውተር በሁለት መንገድ ሊጻፍ ይችላል፤ ፊደሉና ጭረቱ አንድ ቁጥር ሆነው፣ ወይም ተለያይተው በሁለት ቁጥር። የማክ ኤችኤፍኤስ ፕላስ ሁለተኛውን ሲጠቀም በዊንዶውስ የተለመደው የመጀመሪያው ነው። በመሆኑም በስሙ የተሰየመው ፎልደር ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመሳሰል ለዓይን ፍጹም አንድ የሆኑ ሁለት ፎልደሮች ሊፈጠሩ ይችላሉ። የግዕዝ ፊደላት እንዲህ አይከፈሉም፤ እያንዳንዱ ፊደል አንድ ቁጥር ብቻ አለው። ብዙዎች ችግር ያመጣል ብለው የሚሸሹት ፊደል በዚህ ረገድ ከፈረንሳይኛው ይልቅ አስተማማኝ ነው።

ይሁን እንጂ የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ያልተጫነበት ማጫወቻ ባዶ ሳጥኖችን ስለሚያሳይ፣ ወደማያውቀው ክበብ የሚሄድ ዲጄ የፋይሉን ስም በላቲን፣ የታጉን አንድ መስክ ደግሞ በአማርኛ ቢሞላ ይሻለዋል። ዋናው ነገር አጻጻፉ አንድ ጊዜ ተወስኖ በጽሑፍ መያዙ ነው፤ የፋይል ስም ደግሞ ዘፈኑ ወደ ሶፍትዌሩ ከመግባቱ በፊት እንጂ ከገባ በኋላ ሊታረም አይገባም።

አንድ ጸሐፊ፣ ብዙ አንባቢ

ሁሉንም ኮምፒውተር እኩል አድርጎ በየትኛውም ላይ የተደረገ ለውጥ ወደ ሁሉም እንዲደርስ ማድረግ ማራኪ ሐሳብ ነው። ድሮፕቦክስና ሲንክቲንግን የመሰሉ ፕሮግራሞች ለጽሑፍ ሰነዶች ይህን በሚገባ ይሠራሉ። ለዲጄ ክምችት ግን አደገኛ ነው። የመረጃ ቋት አንድ ፋይል ነው። ዲጄው ጠዋት ቤት ባለው ኮምፒውተር ላይ ሃያ ዘፈኖች ቢያስተካክል፣ ከመመሳሰሉ በፊት ባልደረባው ከሰዓት በስቱዲዮው ኮምፒውተር ላይ አንድ ዝርዝር ቢጨምር፣ ፕሮግራሙ ሁለቱን ለውጦች ማዋሐድ አይችልም፤ አንዱን መርጦ ሌላውን ወደ ጎን ያኖራል። ሶፍትዌሩ ተከፍቶ ሳለ የተገለበጠ ቋት ደግሞ ገና ወደ ዋናው ፋይል ያልገቡ ለውጦችን ሊያጣ ወይም ጭራሹን ላይከፈት ይችላል።

ስለዚህ የሚሻለው ሥርዓት አንድ ኮምፒውተር ወይም አንድ ዲስክ ብቻ እንዲጻፍበት፣ ሌሎቹ ከእሱ እንዲቀበሉ ማድረግ ነው። አዲስ ዘፈን የሚገባው፣ ምልክት የሚኖረው፣ ዝርዝር የሚደረደረው በዋናው ላይ ነው፤ የመድረኩ ላፕቶፕ ያነባል፣ ያጫውታል። በመድረክ ላይ የተገኘ ሐሳብ በማስታወሻ ተይዞ በማግስቱ ዋናው ላይ ይመዘገባል። ይህ ነፃነትን ይቀንሳል፤ በየቦታው መሥራት ለለመደ ሰው ያሰለቻል። ለእንዲህ ያለው ባለሙያ ሁለተኛ አማራጭ አለ፤ ሙዚቃውንም ቋቱንም በአንድ ውጫዊ ዲስክ ላይ አኑሮ ዲስኩን ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ማዘዋወር። ያኔ ዋናው ራሱ ይጓዛል፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ሊጽፉበት ስለማይችሉም ግጭቱ ከመነሻው አይፈጠርም። ከዲስኩ ጋር አብሮ የሚጓዘው የመጥፋት አደጋ ግን የዚያኑ ያህል ይጨምራል።

ክላውድ ለአንዳንዱ ይስማማል፤ ሬኮርድቦክስም ከ6ኛው እትሙ ጀምሮ ክምችትን በክላውድ የማመሳሰል አገልግሎት ይሰጣል። ወሳኙ የመረቡ ፍጥነት ነው። ባለ 320 ኪሎቢት የአራት ደቂቃ ዘፈን 9.6 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ 10,000 ዘፈኖች 96 ጊጋባይት ይሆናሉ። በሰከንድ 10 ሜጋቢት ያለማቋረጥ በሚልክ መስመር ይህን ለመጫን ከ21 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ባልታመቀ የሲዲ ጥራት ከሆነ መጠኑ ከአራት እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቅጂ በዲስክ አድርሶ ከዚያ ወዲህ ያለውን ለውጥ ብቻ በመረብ መላክ ይመረጣል። አርሲንክን የመሰሉ ፕሮግራሞች የሚሠሩት የተለወጠውን ብቻ በመላክ ነው።

ማመሳሰል ግን መጠባበቂያ አይደለም። በዋናው ላይ በስሕተት የተሰረዘ ፎልደር በታማኝነት ከሁሉም ላይ ይሰረዛል። ፎቶግራፍ አንሺው ፒተር ክሮግ ለፎቶ ክምችት ያስተዋወቁት 3-2-1 የሚባለው ደንብ እዚህም ይሠራል፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ ከእነሱም አንዱ ከቤት ውጭ። ለዲጄ የሚጨመረው ነገር ቢኖር የመረጃ ቋቱ ቅጂ በቀን እየተሰየመ ተለይቶ መቀመጥ ያለበት መሆኑ ነው። ከሙዚቃው ጋር ሲነጻጸር መጠኑ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ የብዙ ሳምንታት ቅጂዎችን ማኖር አያስቸግርም፤ ዛሬ የታየ ጉዳት የደረሰው ከወር በፊት ሊሆን ይችላልና።

ከአንዱ ሶፍትዌር ወደ ሌላው መሻገር ለብቻው የሚታይ ነው። ምልክቶችን ከትራክቶር ወደ ሬኮርድቦክስ የሚተረጉሙ መሣሪያዎች አሉ። ነገር ግን ሶፍትዌሮቹ በአንዳንድ ኤምፒ3 ፋይሎች መጀመሪያ ላይ ያለውን የአንድ ፍሬም ባዶ ድምፅ የሚቆጥሩት በተለያየ መንገድ ነው። አንዱ ፍሬም 1,152 ናሙናዎች ስላሉት በሰከንድ 44,100 ናሙና ሲሰላ 26 ሚሊሰከንድ ይሆናል፤ ከተሻገሩት ምልክቶች ከፊሎቹ በዚህ መጠን ተዛንፈው ይደርሳሉ። በአንድ ዘፈን ብቻ ሲሰማ አይታወቅም፤ ሁለት ከበሮዎች ሲደራረቡ ግን ይሰማል።

የተገለበጠ ክምችት መሥራቱ የሚረጋገጠው ዋናው ዲስክ ተነቅሎ፣ መረቡም ተዘግቶ ቅጂው በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ነው። ከተለያዩ ዝርዝሮች አሥር ዘፈኖች ይመረጣሉ፤ ቢያንስ አንዱ በአማርኛ የተሰየመ፣ አንዱ የምት መስመሩ በእጅ የተሠራ፣ አንዱ ባለፈው ሳምንት የገባ ይሁን። ምልክቱ በቦታው መኖሩ፣ መስመሩ ከምቱ ጋር መግጠሙ፣ ዝርዝሩ መሙላቱ አንድ በአንድ ይታያል። ሙከራው ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ መደረግ ያለበትም ከዝግጅቱ ቀን በፊት፣ አሮጌው ላፕቶፕ ሳይሸጥና ዲስኩ ሳይደመሰስ ነው።